ጭረቱ የወደቀ ፊደል፤ የሴሪፍ አልባ የማተሚያ ፊደል አመጣጥና ለግእዝ ፊደል ያለው ትምህርት

ፊደል ለመሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። የሕንፃ ንድፍ ርእስ፣ የካርታ መጠሪያ፣ የማከፋፈያ ሰሌዳ ቍጥር፣ የመንገድ አቅጣጫ አመልካች፣ የማሽን ስምና የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሁሉ የሚናገሩት በፊደል ነው። ይሁን እንጂ በሙያው ውስጥ ስለ መስመር ውፍረት፣ ስለ ሚዛንና ስለ ልኬት ብዙ ሲነገር፣ ንድፉን ለአንባቢ የሚያስተረጕመው ፊደል እንዴት ያለውን መልክ እንደ ያዘ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ በሥነ ሥዕላዊ ንድፍ፣ በመንገድ ምልክትና በስልክ መስተዋት ላይ የሠለጠነው የላቲን ፊደል፣ ሴሪፍ አልባ ወይም በተለመደው አጠራር «ሳን ሴሪፍ» የሚባለው ነው። ይህ ፊደል በማተሚያ እርሳስ ከተቀረጸ ገና ከ200 ዓመት እምብዛም አላለፈም። የግእዝ ፊደልም በበኩሉ በጽሕፈት መኪናና በኮምፒዩተር አማካይነት ወደዚሁ መልክ እየተሳበ ይገኛል። የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም ከፊደል ላይ ትርፍ ነው ተብሎ የሚነሣው ጭረት በእርግጥ ትርፍ ነውን? ወይስ ቃሉን የተሸከመ ነው? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሴሪፍ ምንድን ነው?

ሴሪፍ ማለት በላቲን ፊደል ግንድ ወይም ክንድ ጫፍ ላይ ተጋድማ የምትገኝ ትንሽ ጭረት ናት። «ሳን» በፈረንሳይኛ «ያለ» ማለት ስለ ሆነ፣ «ሳን ሴሪፍ» የሚለው ስም ይህች ጭረት የሌለችውን ፊደል ያመለክታል። በተለምዶ ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄድ ሁለተኛ ጠባይ አለ። በቀድሞው የመጽሐፍ ፊደል አንዱ ጭረት ወፍራም ሌላው ቀጭን ሲሆን፣ በሴሪፍ አልባው የጭረቱ ውፍረት ከሞላ ጎደል እኩል ነው።

የጫፏ ጭረት አመጣጥ ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። በሮም ከተማ በ113 የተመረቀው የንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ዓምድ ጽሕፈት የሴሪፍ ፊደል ዋና አብነት ሆኖ ይጠቀሳል። አንዳንዶች ጭረቷን ድንጋይ ጠራቢው የመሮውን ጫፍ አስተካክሎ ለመጨረስ ያመጣት ናት ሲሉ፣ አሜሪካዊው ካህንና የፊደል ሊቅ ኤድዋርድ ካቲች ግን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ጽሕፈቱ ከመጠረቡ በፊት በጠፍጣፋ ብሩሽ በድንጋዩ ላይ ይነደፍ ስለ ነበር ሴሪፏ የብሩሹ አጀማመርና አጨራረስ ውጤት ናት ሲል ተከራክሯል። ከሁለቱም ወገን የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ሴሪፍ የመሣሪያ ልጅ ናት። ድምፅ አትለውጥም፤ ከግንዱ ላይ ብትነሣ ፊደሉ ያው ፊደል ይሆናል።

የድንጋዩ ዘመን

ሴሪፍ አልባ ፊደል አዲስ የሚባለው በማተሚያ ቤት ነው እንጂ በድንጋይ ላይ እጅግ ጥንታዊ ነው። የጥንት ግሪኮች ጽሕፈት በእኩል ውፍረት የተጠረበ፣ ጫፉም ያልተጌጠ ነበር። የኢጣልያ ጥንታውያን ነዋሪዎች የነበሩት ኤትሩስኮችም እንዲሁ ይጽፉ ነበር።

በኢትዮጵያም የሚታየው ከዚህ የተለየ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ሺህ ዓመት በየሐና በአካባቢዋ የተቀረጹት የደቡብ ዐረብ ፊደላት ቀጥ ባለ መስመርና በክብ ቅርጽ የተሠሩ፣ ውፍረታቸው የተስተካከለ፣ ማስመሪያና ኮምፓስ የያዘ ሰው የነደፋቸው የሚመስሉ ናቸው። የሚያስገርመው ግን እነዚሁ ፊደላት ከዘመናት በኋላ በደቡብ ዐረብ ጠራቢዎች እጅ ጫፋቸው እየሰፋና እየተጌጠ መሄዱ ነው። ስለዚህ የጫፍ ጌጥ የሮማውያን ብቻ ሀብት አይደለም።

በ4ኛው ምእተ ዓመት የነገሠው ኢዛና በአክሱም ባቆመው የታወቀ ድንጋይ ላይ አንዱ መልእክት በግሪክኛ፣ በግእዝና ግእዙም ራሱ በደቡብ ዐረብ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። የግእዙ ፊደል በዚያ ድንጋይ ላይ አናባቢ የለውም፤ ተነባቢው ብቻ ቆሟል። በዚያው በኢዛና ዘመን ግን ታላቅ ለውጥ ተደረገ። አናባቢውን የሚያመለክት ሌላ ፊደል ከመጨመር ይልቅ፣ በተነባቢው አካል ላይ ትንሽ ጭረት ማከል፣ እግር ማሳጠር ወይም ቀለበት ማሰር ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ፊደል ላይ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ጭረቶች አብረው ይኖራሉ። አንደኛው መሣሪያው ያመጣው ጌጥ ነው፤ ሁለተኛው ድምፅን የሚለይ ምልክት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ለንደን፣ 1816

በአውሮፓ ማተሚያ ከተፈለሰፈበት ከ15ኛው ምእተ ዓመት አንሥቶ እስከ 18ኛው ፍጻሜ ድረስ የእርሳስ ፊደል ቀራጮች የተከተሉት የብዕርን ጽሕፈትና የሮማውያንን የድንጋይ ፊደል ነበር። በ18ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ገደማ የለንደኑ የካስሎን ፊደል ማቅለጫ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የኤትሩስክን ፊደል በእርሳስ ሲያዘጋጅ፣ ቅርጹ ከድንጋዩ የተቀዳ በመሆኑ ሴሪፍ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ይህ ለጥንታዊ ቋንቋ ምርምር የተሠራ እንጂ እንግሊዝኛ ለማተም የታሰበ አልነበረም።

ለውጡን በቅድሚያ የጀመሩት አታሚዎች ሳይሆኑ መሐንዲሶችና ሐውልት ሠሪዎች ናቸው። በዘመኑ የግሪክና የሮም ፍርስራሾች እየተለኩና እየተነደፉ በመታተማቸው የጥንቱ ቀላልነት ተወዳጅ ሆኖ ነበር። እንግሊዛዊው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ጆን ሶን በ18ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በንድፎቹ ላይ ሴሪፍ የሌላቸው ትልልቅ ፊደላትን ይጠቀም ነበር። የማተሚያ ታሪክ ሊቅ የሆነው ጄምስ ሞዝሊ እንዳሳየው፣ ይህ አጻጻፍ የጥንትን ቅንነት ያመለክታል ተብሎ የታሰበ የጥበብ ምርጫ ነበር። እንግዲህ ሴሪፍ አልባው ፊደል ወደ ዘመናዊው ዓለም ከገባባቸው በሮች አንዱ የንድፍ ጠረጴዛ መሆኑን የሙያው ባልደረቦች ልብ ሊሉት ይገባል።

ከንድፍ ወረቀት ወደ ሱቅ ሰሌዳ ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብፅ ከዘመተ በኋላ ከግብፅ ጋር የተያያዘ ሁሉ በአውሮፓ እንደ ብርቅ ይታይ ስለ ነበር፣ ይህም ፊደል «ግብፃዊ» ተባለ። ሮበርት ሳውዚ የተባለው እንግሊዛዊ ባለቅኔ በ1807 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ፋሽን ላይ ተሣልቋል። የሱቅ ሰሌዳዎች ቀጭን መሆን የሚገባውን ጭረት ከወፍራሙ ጋር እኩል በማድረጋቸው ፊደሉ የዝሆኔ በሽታ የያዘው እግር መሰለ የሚል አስተያየት ሰጥቷል። ስሙም ቢሆን ያለ ቦታው የተሰጠ ነበር። እውነተኛው እኩል ውፍረት ያለው የአፍሪካ ጽሕፈት የሚገኘው በአክሱም ሲሆን፣ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ የኢዛናን የግሪክኛ ጽሕፈት በቦታው ተገኝቶ የገለበጠው በእነዚያው ዓመታት፣ በ1805 ነበር።

በ1816 የቀድሞው የታላቁ ካስሎን የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው አራተኛው ዊልያም ካስሎን ባወጣው የናሙና መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ጽሕፈት አሳተመ። መስመሩ የራሱን ስምና ሙያ የሚገልጽ ሲሆን የተጻፈው ሴሪፍ በሌለው ትልቅ ፊደል ነበር። ይህ ለላቲን ፊደል በሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው ሴሪፍ አልባ የእርሳስ ፊደል መሆኑ ይታመናል። ትንንሾቹ ፊደላት አልነበሩትም። የወደደውም ሰው ብዙ አልነበረም፤ ለ10 ዓመት ከዚያም በላይ የተከተለው ፊደል አቅላጭ አልታየም።

የኢንዱስትሪው አብዮት ግን የማስታወቂያ ወረቀትን አበዛ። የመርከብ ጉዞ፣ የጨረታ፣ የቲያትርና የመድኃኒት ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ በአንድነት ተለጥፎ ለአላፊ አግዳሚው ዓይን ይሽቀዳደም ጀመር። ቀጫጭን ጭረት ያለው የመጽሐፍ ፊደል ከሩቅ አይነበብም። ስለዚህ በ1830ዎቹ የለንደን አቅላጮች ወደ ካስሎን ሐሳብ ተመለሱ። ቪንሰንት ፊጊንስ «ሳን ሴሪፍ» የሚለውን ስም ሲያወጣ፣ ዊልያም ቶሮጉድ ደግሞ ትንንሾቹን ፊደላት ጨምሮ «ግሮቴስክ» ብሎ ሰየመው። ግሮቴስክ ማለት ከዋሻ የወጣ፣ ያልተለመደ መልክ ያለው ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ «ጎቲክ» ተባለ። ግብፃዊ፣ የዋሻ፣ ጎቲክ የሚሉት ስሞች ሁሉ የሚመሰክሩት ዘመኑ ይህን ፊደል ባዕድ አድርጎ ይመለከተው እንደ ነበር ነው።

ከማስታወቂያ ወደ ደረጃ

ባዕድ የነበረው ፊደል ባለ ቤት የሆነው በ20ኛው ምእተ ዓመት ነው። በ1898 የበርሊኑ በርቶልድ አክሲደንስ ግሮቴስክ የተባለውን አወጣ፤ በ1902 የአሜሪካው ሞሪስ ፉለር ቤንተን ፍራንክሊን ጎቲክን ነደፈ። በ1913 የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ኃላፊ ፍራንክ ፒክ ለጣቢያዎቹ የሚሆን ፊደል እንዲሠራ ኤድዋርድ ጆንስተንን አዘዘ፤ ሥራውም በ1916 በተግባር ዋለ። ጆንስተን የብዕር ጽሕፈት መምህር ነበር። በሥራው ላይ ሴሪፏን ሲያነሣ የሮማውያንን ምጣኔ ግን አልተወም። በ1927 የፓውል ሬነር ፉቱራ፣ በ1928 የኤሪክ ጊል ጊል ሳንስ፣ በ1957 የማክስ ሚዲንገር ሄልቬቲካና የአድሪያን ፍሩቲገር ዩኒቨርስ ተከታትለው ወጡ።

ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ደረጃ የወጣለት ፊደል ነው። የጀርመን ደረጃዎች ድርጅት በ1936 ዲን 1451 የተባለውን ፊደል ለምልክቶችና ለቴክኒክ ሥራ አጸደቀ። ፊደሉ በማስመሪያና በኮምፓስ ሊነደፍ፣ በማንኛውም ሠራተኛ እጅ ሊደገም የሚችል ነበር። በ1974 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ. 3098 ደግሞ በቴክኒክ ንድፍ ላይ የሚጻፈውን ፊደል ወሰነ። በዚህ ደረጃ የፊደሉ ቁመት 2.5፣ 3.5፣ 5፣ 7፣ 10 ሚሊ ሜትር እያለ ይሄዳል። የጭረቱ ውፍረት በ«ሀ» ዓይነት የቁመቱ 1/14ኛ፣ በ«ለ» ዓይነት 1/10ኛ ነው።

በዚህ ጉዞ ውስጥ አንድ ጉድለት ተገለጠ። ሴሪፍ ድምፅ አትለውጥም ቢባልም ለዓይን ምንም አትረዳም ማለት እንዳልሆነ ታወቀ። በአንዳንድ ሴሪፍ አልባ ፊደላት ውስጥ ትልቁ «አይ»፣ ትንሹ «ኤል»ና የ1 ቍጥር ሦስቱም አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። በንድፍ ቍጥርና በዕቃ መለያ ላይ ይህ የሚያመጣው ስሕተት ለማንም ግልጽ ነው። ጆንስተንም፣ በኋላም የእንግሊዝን የመንገድ ምልክቶች የነደፉት ጆክ ኪኒርና ማርጋሬት ካልቨርት፣ የትንሹን «ኤል» እግር ወደ ቀኝ በማጠፍ ችግሩን አስወገዱ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጥሩ ሴሪፍ አልባ ፊደል ሁሉንም የሚያራግፍ ሳይሆን የሚጠቅመውን መርጦ የሚያስቀር መሆኑ ነው።

የግእዝ ፊደል፤ ከመቃ ወደ እርሳስ

የግእዝ ፊደል ከድንጋይ ወደ ብራና ሲሻገር መልኩን የቀየረው መቃ ብዕር ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቀረጸ መቃ ቁልቁል ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ያሰምራል። ስለዚህ በብራና መጻሕፍት ላይ የፊደሉ እግሮች ወፍራም፣ ማያያዣዎቹ ቀጭን ሆኑ፤ ብዕሩ ያረፈበትና የተነሣበት ጫፍም ገደል ያለ ቅርጽ ያዘ። ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምእተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተጻፉ በሳይንስ ምርመራ ከሚገመቱት ከአባ ገሪማ ወንጌላት ጀምሮ እስከ ዘመናችን ቁም ጸሐፊዎች ድረስ ይህ የእጅ ወግ አልተቋረጠም።

የግእዝ ፊደል በእርሳስ የተቀረጸው ከአገሩ ውጭ ነው። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን፣ በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ፣ የግእዝ መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያው በሮም አሳተሙ። አባ ተስፋ ጽዮን አታሚዎቹ ቋንቋውን ስለማያውቁና እርሳቸውና ጓደኞቻቸውም የማተምን ሥራ ስላልተማሩ ለተፈጠረው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህ ይቅርታ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊደሉን የሚቀርጸውና የሚለቅመው ሰው የትኛው ጭረት ጌጥ፣ የትኛው ድምፅ እንደ ሆነ ሳያውቅ ሲቀር የሚደርሰውን የሚያስታውቅ ነው።

ከዚያም በ1661 ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን መሠረት አድርጎ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን አሳተመ፤ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉም በ1681 በፍራንክፈርት ወጣ። በ1824 የአማርኛ ወንጌላት፣ በ1840 ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝ አገር ታተሙ። በነዚህ ሁሉ ሥራዎች የእርሳስ ፊደሉ የመቃ ብዕርን ወፍራምና ቀጭን ጭረት የሚመስል ነበር።

ኢሉባቦርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለዱት ከመቱ ብዙም በማይርቀው በሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ተሸጠው ከነፃነት በኋላ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን የተማሩት እኚህ ሰው፣ አዲስ ኪዳንን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1893፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 አሳትመዋል። ፊደሉ የግእዝ ፊደል ነበር። ለኦሮምኛው ልዩ ድምፅ ከ«ደ» የወጣው «ዸ» የሚያሳየው፣ የግእዝ ፊደል አዲስ ድምፅ ሲያስፈልገው እንኳ አዲስ አካል ከመፍጠር ይልቅ በነባሩ አካል ላይ ትንሽ ጭረት ማከልን እንደሚመርጥ ነው።

በአገር ውስጥ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይሠራጭ ነበር። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ በስሙ የተጠራው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። የላቲን ፊደል ለቃሚ ትልቁንና ትንሹን አንድ ላይ ቢቈጥር 52 ፊደል ይበቃዋል። የግእዝ ፊደል ለቃሚ ግን 33ቱን በሰባት ድምፅ አባዝቶ 231፣ በዚያም ላይ ዲቃላ ፊደላትንና 20 የግእዝ ቍጥሮችን በሣጥን ውስጥ ማኖር ነበረበት። በዚህ ሁኔታ አንድ ዓይነት የእርሳስ ፊደል ማዘጋጀት እንኳ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ በለንደን እንደ ታየው ለማስታወቂያ ሌላ፣ ለመጽሐፍ ሌላ ማስቀረጽ ቀላል አልነበረም።

የጽሕፈት መኪናው ፈተና

እኩል ውፍረት ያለውን አማርኛ ወደ ቢሮ ካስገቡት መሣሪያዎች ዋናው የጽሕፈት መኪና ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። የተሰጣቸው ችግር ንጹሕ የምሕንድስና ችግር ነበር። ለላቲን የተሠራ መኪና ሊሸከም የሚችለው ከ90 የማይበልጥ ምልክት ሲሆን ፊደሉ ከ231 ይበልጣል። መፍትሔው የፊደሉን አካል ለብቻ፣ የአናባቢውን ምልክት ለብቻ አድርጎ አንዱን በሌላው ላይ መምታት ሆነ።

ይህ ዘዴ ሁለት ነገር አስከተለ። በመጀመሪያ፣ በጥብጣብ ላይ የሚመታ ብረት ቀጭን ጭረቱ ወረቀት እንዳይበሳ፣ ወፍራሙም እንዳይደፈን ሁሉም መካከለኛ መሆን ስላለበት የመቃው ወፍራምና ቀጭን ጠፋ። ሁለተኛ፣ አንዱ የ«ካዕብ» ጭረት ለብዙ ፊደል እንዲያገለግል በመደረጉ አንዳንዴ ከአካሉ ርቆ፣ አንዳንዴም ተጣብቆ ይታያል። አንባቢው ግን ለመደው፤ የመንግሥት ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የመሐንዲስ ዝርዝር መግለጫ ሁሉ ለአሠርት ዓመታት በዚህ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል።

ቡሬ ወይስ በሬ?

ጥያቄው በተግባር ሲመዘን በኢሉባቦር የምትገኘውን የቡሬን ስም ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። ቡሬ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በ1902 በተደረገው ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዚህ አቅጣጫ ወርዶ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በንግድ ዓለም በጆንያና በሣጥን ላይ ምልክት የሚደረገው በተበሳ ቆርቆሮ ላይ ቀለም በመቀባት ነው። የቆርቆሮ ፊደል ደግሞ በባሕርይው ቀጫጭን ጭረትን አይወድም።

«ቡሬ» የሚለው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ አለው፤ ሁለቱም በትንሽ ምልክት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። «ቡ» ከ«በ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ባለች አንዲት አጭር ጭረት ነው። ያች ጭረት ብትደበዝዝ ከተማዋ «በሬ» ትሆናለች። «ሬ» ደግሞ ከ«ሪ» የሚለየው በእግሩ ጫፍ ላይ ባለው ቀለበት ነው። ቀለበቱ በቀለም ቢደፈን አንባቢው የሚያየው አንድ ጉብታ ብቻ ነው። ለቆርቆሮ ፊደል ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ቀለበት ዙሪያውን ሲቆረጥ መካከሉ ተነቅሎ ስለሚወድቅ ማያያዣ ድልድይ ያስፈልገዋል። ከላቲን ትልልቅ ፊደላት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝግ ቀዳዳ ያላቸው ጥቂት ሲሆኑ፣ በግእዝ ግን «መ»፣ «ቀ»፣ «ወ»፣ «ዐ» ከነዘሮቻቸው፣ በዚያም ላይ የኃምስ ቀለበት የያዙት ሁሉ ድልድይ የሚሹ ናቸው።

ነገሩን በቍጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ነዳፊ የ«ሬ»ን ቀለበት ከፊደሉ ቁመት 1/5ኛ አድርጎ ቢነድፍና በ«ለ» ዓይነት የላቲን ደረጃ መሠረት የጭረቱን ውፍረት 1/10ኛ ቢያደርግ፣ ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ፊደል ላይ ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ሚሊ ሜትር፣ የግራው ግድግዳ 0.5፣ የቀኙ ግድግዳ 0.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለቀዳዳው የሚተርፍ ቦታ የለም፤ ቀለበቱ ድፍን ነጥብ ሆኗል። ፊደሉን ማሳደግም አያድነውም፤ ምጣኔው ያው ስለ ሆነ 5 ሜትር ቁመት ባለው ሰሌዳ ላይም ቀለበቱ ድፍን ነው። ቀዳዳው ከጭረቱ ውፍረት ጋር እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ቀለበቱ የቁመቱ 3/10ኛ መሆን አለበት። ወይም በ«ሀ» ዓይነት ጭረቱ ወደ 1/14ኛ ቀጥኖ ቀለበቱ 3/14ኛ ሊሆን ይገባል። መቃ ብዕር ይህን ችግር ያቃለለው በቀጭኑ ጠርዝ ቀለበቱን በስሱ በማዞር ነበር። ቀጭኑ ጭረት ሲጠፋ የቀለበቱም መጠጊያ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለላቲን የወጣውን ምጣኔ እንዳለ ወደ ግእዝ ማዛወር የምርጫ ሳይሆን የስሌት ስሕተት ነው።

ዛሬ በኦሮሚያ ከተሞች የመንገድ ሰሌዳ ላይ ኦሮምኛው ከ1991 ጀምሮ በተወሰነው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ አማርኛውም በግእዝ ፊደል ጎን ለጎን ይጻፋሉ። በላቲኑ አጻጻፍ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ስለ ሆነ ሴሪፉ ቢነሣ የሚጎድል ድምፅ የለም። በግእዙ ግን አናባቢው በአካሉ ላይ ያለ ጭረት ነው። ሁለቱን በአንድ ውፍረትና በአንድ ቁመት የጻፈ ሠራተኛ ሰሌዳውን ለዓይን ያስተካክላል፤ ለንባብ ግን ሁለቱን እኩል አላደረጋቸውም። ለግእዙ ትንሽ ተጨማሪ ቁመትና ትንሽ የቀጠነ ጭረት መስጠት አድልዎ ሳይሆን ፍትሕ ነው።

በኮምፒዩተር ዘመን

በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን በዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲህ የማይክሮሶፍት «ንያላ»፣ የአፕል «ከፋ»፣ የጉግል «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ተከትለው መጡ። «ንያላ» የብዕሩን ወፍራምና ቀጭን በመጠኑ ሲጠብቅ፣ «ኖቶ ሳንስ» በስሙም በመልኩም ሴሪፍ አልባ ነው። የ231 ፊደል ወጪ በእርሳስ ዘመን እንደ ነበረው ከባድ መሰናክል አይደለም። በመሆኑም በለንደን ከ1816 በኋላ የሆነው፣ ይኸውም ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተለየ ፊደል መንደፍ፣ ለግእዝም የሚቻልበት ጊዜ ደርሷል።

የሚያስፈልገው ግን ሥራው የሚጀመርበት ቅደም ተከተል ነው። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ የመሣሪያ ልጅ የሆነው ጭረትና ድምፅ የሚለየው ጭረት ይለዩ። ሁለተኛ፣ ድምፅ የሚለየው ምልክት በትንሹ መጠንና በሩቁ ርቀት ላይ እንዲታይ የውፍረቱ ምጣኔ ከግእዙ ከራሱ ይሰላ። ሦስተኛ፣ በቀላሉ የሚምታቱት ጥንዶች፣ ይኸውም «በ» እና «ቡ»፣ «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሪ» እና «ሬ» የመሳሰሉት፣ በታተመ ናሙና፣ በቆርቆሮ፣ በሰሌዳና በስልክ መስተዋት ላይ በአንባቢ ፊት ይፈተኑ። የላቲኑ ታሪክ እንደሚያሳየው ትልቁን «አይ» ከትንሹ «ኤል» ለመለየት ከ1816 በኋላ አንድ መቶ ዓመት ፈጅቷል። ያ ልምድ ስላለ የግእዝ ፊደል ነዳፊዎች ያንን ያህል መጠበቅ አይኖርባቸውም።

ሴሪፍ አልባ ፊደል ወደ ዘመናዊው ዓለም የገባው ትርፉን ጥሎ ቁም ነገሩን ማስቀረት በሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። የድንጋዩን ፊደል የጠረቡት የየሐና የአክሱም ሰዎችም በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። ነገር ግን በአክሱም ከ4ኛው ምእተ ዓመት ወዲህ በፊደሉ ላይ የተጨመረችው ትንሽ ጭረት ቃል ተሸክማለች። ትርፉን የሚጥል ነዳፊ አስቀድሞ ይህችን ጭረት ለይቶ ሊያውቃት ይገባል። ያን ያደረገ እንደ ሆነ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መንገደኛ በሰሌዳው ላይ የከተማ ስም እንጂ የከብት ስም አያነብም።